ሁሉም አንድ ዘር ይሁኑ

ሌሊት አልነበረም።

አስቀድሜ የምናገረው፣ የሚያስፈራ ነገር ሁሉ ጨለማ ይፈልጋል ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። የነሐሴ ፀሐይ የከሚሴን ቆርቆሮ እያንጣጣ፣ ከአስፋልቱ የባጃጅ ጥሩንባ እየተሰማ፣ መስኮቱ ወለል ብሎ እንደተከፈተ...

ሆነ። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው። ከራሴ የጨመርኩት አንድም ነገር የለበትም።

ማስረሻ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ከሚሴ ነው። ፊዚክስ አስተምራለሁ። የት እንደማስተምር አልናገርም።

አንድ ልማድ አለኝ። ያልተደገመ ነገር አላምንም። እውነት ከሆነ፣ እንደገና ስትሞክረው እንደገና መምጣት አለበት እላለሁ።

ይህ ልማዴ ነው ለዚህ ያበቃኝ።

ሰብሪና በዚያው ግቢ ኮምፒውተር ታስተምራለች። ስምንት አሮጌ ኮምፒውተሮችን በገመድ አያይዘን፣ የቦርከናን ጎርፍ የሚያስመስል ፕሮግራም እናስኬድ ነበር። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስክሪኑ ላይ የጨፋ ሸለቆ ካርታ ይወጣል። ወንዙ ላይ ትናንሽ ነጥቦች እንለቃለን። እያንዳንዷ ነጥብ ውሃ የወሰደው አንድ ነገር ናት... ግንድ ትሁን፣ በግ ትሁን።

ነጥቧ በየእርምጃዋ ዕጣ ይወጣላታል። ወደ ግራ ትገፋለች፣ ወደ ቀኝ ትዞራለች፣ ወይ ቅርንጫፍ ይይዛታል። በመጨረሻ ብዙዎቹ የት እንደቀሩ እናያለን።

ኮምፒውተር ግን እውነተኛ ዕጣ ማውጣት አይችልም። አንድ መነሻ ቁጥር ትሰጠዋለህ፤ ከዚያች ተነስቶ ዕጣ የሚመስሉ ቁጥሮችን ይደረድራል። ያችን መነሻ ቁጥር ዘር እንላታለን። ያንኑ ዘር መልሰህ ብትሰጠው ያንኑ ዕጣ፣ በዚያው ተራ ይደግምልሃል። ዛሬም፣ ነገም፣ ከዓመት በኋላም።

እኔ የምወድለት ይህንን ነበር።

ሥራው ለስምንት ሲከፋፈል ግን ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የተለየ ዘር መስጠት ግድ ነው። አለዚያ ስምንቱም አንድ ነገር ያወራሉ። አንዱን ሰው ስምንት ጊዜ ጠይቀህ ስምንት ምስክር አገኘሁ እንደማለት ነው።

ይህችን ነገር ያዙልኝ።

የዚያን ቀን ከሚሴ ላይ ጠብታ አልወረደም። የዘነበው ደጋው ላይ ነው። ሙሀመድኑር ከሰንበቴ ገበያ የገዛቸውን ወይፈኖች እየነዳ ቦርከናን ሲሻገር፣ ከጠራ ሰማይ ሥር ጎርፍ መጣ።

ወይፈኖቹ ወጡ።

እሱን ውሃው ወሰደው።

ታላቅ ወንድሙ ኢብራሂም የልጅነት ጓደኛዬ ነው። አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ነው የተማርነው። ያንን ካርታ ብዙ ጊዜ አሳይቼው ስለነበር፣ እናቱን እማ ዘሊካን ሞተሩ ላይ አፈናጥጦ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ መጣ።

ከመሻገሪያው ዝቅ ብሎ ወንዙ ለሁለት ይከፈላል። ግራው ጨፌው ውስጥ ይገባል፤ ደንገልና ረግረግ ነው። ቀኙ በማሽላ ማሳ መሃል አልፎ አንድ ትልቅ ሾላ ያለበት ጥምዝ ላይ ይደርሳል። ውሃው እየጨመረ ስለነበር፣ ፈላጊዎቹ አንዱን ወገን ከያዙ በዚያ ቀን ወደ ሌላው መሻገር አይችሉም።

ኢብራሂም የፈለገው አንድ ቃል ብቻ ነበር። ግራ ወይስ ቀኝ።

እኔ ደግሞ ኮምቦልቻ ነበርኩ። ለኮምፒውተሮቹ የሚሆን ገመድ ፍለጋ ሄጄ፣ በሚኒባስ እየተመለስኩ ነው ሰብሪና የደወለችው። የተፈጠረውን ነገረችኝ። ሰው እንደሚንሳፈፍ አድርጋ ነጥቦቹን አዘጋጅታ ነበር። የደወለችው እኔ እስክደርስ ልታስጀምረው ፈልጋ ነው።

ስልኬ ተበላሽቶ ላውድ ላይ ካልሆነ አይሰማም። ድምፅዋ ሚኒባሱን ሞላው።

«መምህር፣ ዘራቸውን ምን ልበል?»

ሚኒባሱ ውስጥ ወሬ ተቋረጠ።

«ሰብሪና፣ ቆይ...»

«ሁሉም ዘራቸው ይለያይ ወይስ አንድ ይሁን?»

እናንተም ታውቁታላችሁ። ያ ቃል በእኛ አገር፣ በእነዚህ ዓመታት፣ ሰው በተቀላቀለበት መኪና ውስጥ ጮክ ተብሎ አይነገርም። ረዳቱ አንገቱን አዞረ። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ቆባቸውን አስተካክለው አዩኝ። ከኋላዬ የነበረች ባለ ነጠላ ሴት ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

የኮምፒውተር ነገር ነው ብል ይበቃኝ ነበር።

አላልኩም።

«አንድ ይሁን» አልኩ። «ሁሉም አንድ ዘር ይሁኑ። ምን መለያየት ያስፈልጋል?»

«ሁሉም? እርግጠኛ ነህ?»

«አዎ አልኩሽ።»

ዘጋሁት። ሽማግሌው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው መረቁኝ። እንዲህ ያለውን አስተማሪ አላህ ያብዛልን አሉ። ረዳቱ የፊት ወንበር የሚገባው ለእንዲህ ያለ ሰው ነው ብሎ ሲቀልድ ሁሉም ሳቀ። ሴትዮዋም ሳቀች።

እኔም ደስ አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ስደርስ አስተካክለዋለሁ አልኩ በልቤ።

ስደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል።

ኢብራሂም ግቢው ውስጥ ሞተሩን አላጠፋም። እማ ዘሊካ በሩ ላይ ቆመዋል። ሲያዩኝ ሰላም አላሉኝም፤ መንገድ ብቻ ለቀቁልኝ።

ሰብሪና በሹክሹክታ ተቀበለችኝ። «አልቋል። ስምንቱም አንድ ናቸው።»

«ምናቸው?»

«መልሳቸው። ግራ ነው የሚሉት። ሁሉም።»

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስክሪኖች ነጥቦቹ የሄዱበትን መንገድ መልሰው እያሳዩ ነበር። በአንደኛው ላይ አንዲት ነጥብ ከዳር ተላቀቀች። በዚያችው ቅጽበት በሁለተኛውም ላይ፣ በዚያው ቦታ፣ አንዲት ነጥብ ከዳር ተላቀቀች። ከዚያ ሁለቱም እኩል ዞሩ። እኩል ቆሙ።

አወቅሁ።

ለአንዲት ትንፋሽ ያህል አወቅሁ። ጥቂት ነጥቦችን ስምንት ጊዜ ደጋግሜ ብዙ አስመስያለሁ። ዘሩን ለያይቶ እንደገና ማስኬድ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። ለኢብራሂም ደግሞ ጠብቀኝ ማለት አለብኝ። ለምን ሲለኝ፣ ሚኒባስ ውስጥ ሰው አፍሬ ነው ማለት አለብኝ።

የሞተሩ ድምፅ አላቋረጠም።

«ደግ ነው?» አለች ሰብሪና።

«ደግ ነው» አልኩ።

ወጥቼ ለኢብራሂም «ግራ» አልኩት።

አንድ ቃል ናት። ፈላጊው ሁሉ ወደ ጨፌው ሄደ።

ግቢው ጸጥ ሲል ተመልሼ ገባሁና ለስምንቱም የተለያየ ዘር ሰጠሁ። ምናልባት ያው ግራ ይሆናል፣ ምናልባት ምንም አላጠፋሁም እያልኩ። ለሰብሪና ግን ስህተቱን አውቄ ደግ ነው እንዳልኳት ነገርኳት።

እማ ዘሊካ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱን መዳፎቻቸውን እርስ በርስ ያሻሻሉ። ዱዓ የሚያደርጉ መስሎኝ ነበር።

«መዳፌን ያቃጥለኛል» አሉኝ። «ቅርፊት የፋቀኝ ይመስል።»

ውሃ ላምጣልዎት አልኳቸው። አልፈለጉም።

ፕሮግራሙ ጨረሰ።

አብዛኞቹ ነጥቦች በቀኝ ነበር የሄዱት።

ከዚያ ሰብሪና እጄን ያዘችኝ። «ይኸስ?»

ጥምዙ ላይ፣ ሾላው ጋ፣ አንዲት ነጥብ ነበረች። በፕሮግራሙ ሕግ መሠረት የቆመች ነጥብ ተቆጥራ ትጠፋለች። ይህች አልጠፋችም። አልቆመችማ። ትንቀጠቀጣለች። ትንሽ ወደ ላይ... ትንሽ ወደ ታች... ደግሞ ወደ ላይ።

«ስህተት ነው» አልኩ።

«በስምንቱም ላይ?» አለች። «ዘራቸው ተለያይቷል እኮ።»

ዞሬ አየሁ። በስምንቱም ስክሪን፣ በዚያው ቦታ፣ ያችው ነጥብ።

ለኢብራሂም ደወልኩ። ከሸለቆው ውስጥ አይሰማም። አብረውት ለሄዱትም ደወልኩ። አይሰማም።

«ሰው ይዘህ ራስህ ሂድ» አለች ሰብሪና።

«ልድገመው።»

«ማስረሻ...»

«አንዴ ብቻ። እርግጠኛ ልሁን።»

ለእያንዳንዱ ያንኑ የራሱን ዘር ሰጥቼ ደገምኩት። ሁሉም ነጥብ እስከ መጨረሻዋ አሃዝ ድረስ ያንኑ ደገመ። መንገዱ ያው፣ መቆሚያው ያው።

ከአንዷ በቀር።

ያቺ የሾላዋ ነጥብ ከውሃው ትንሽ ከፍ ብላለች። ወደ ግንዱ ተጠግታለች።

ኮሪደሩ ውስጥ እማ ዘሊካ ይተነፍሳሉ። ዳገት እንደሚወጣ ሰው ነበር የሚተነፍሱት። አግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ።

«ሂድ» አለች ሰብሪና። ድምፅዋ አልወጣም፤ ከንፈሯን ነው ያየሁት።

«ያው ዘር ነው የሰጠሁት» አልኩ። «ያው መምጣት ነበረበት።»

«ሂድ አልኩህ።»

አልሄድኩም። እንደገና ደገምኩት።

ሁሉም ያው ሆኖ መጣ። እስከ መጨረሻዋ አሃዝ።

ነጥቧ ግን አልነበረችም። በስምንቱም ላይ አልነበረችም።

ከኮሪደሩ የሚሰማው ትንፋሽ ቆሟል። ወጥቼ አየኋቸው። መዳፎቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያዩዋቸዋል።

«አሁን ለቀቀኝ» አሉ።

በማግስቱ ውሃው ጎደለ። ከኢብራሂም ጋር ሾላው ጋ ደረስን። ጨፌውን ሲያስስ አድሮ ዓይኑ ደም መስሏል።

የሙሀመድኑር ሽርጥ ቅርንጫፉ ላይ ተቋጥሯል። በእጅ የተቋጠረ ነው፤ ውሃ እንዲያ አይቋጥርም። ግንዱ ሁለት ቦታ ላይ ተልጧል። ታችኛው ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ ያየሁት ቦታ ነው። ላይኛው ሁለተኛው። ከላይኛው የሾላው ወተት ይወርዳል።

አንድ ቀን ሙሉ አልደረቀም።

ነካሁት። ሞቃት ነበር።

ኢብራሂም ሽርጡን ፈትቶ ፊቱ ላይ አደረገው። ብዙ ቆየ። ከዚያ መጥቶ አቀፈኝ።

«ማሽኑ ነው ግራ ያለው» አለኝ። «አንተ ምን ታደርግ? አብሽር ወንድሜ።»

እኔን አጽናናኝ። እኔም ዝም ብዬ ታቀፍኩ።

አስከሬኑ አልተገኘም። ሳይገኝ ተሰገደበት።

ለቅሶው አለቀ፣ ድንኳኑ ተነሳ ስል፣ እማ ዘሊካ ከዙህር ሰላት በኋላ ወደ ግቢው መጡ። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እንዲገቡ ለመንኳቸው። ከብዙ ልመና በኋላ ገብተው ከጎኔ ወንበር ላይ ተቀመጡና ስክሪኑን አዩ።

«እዚህ ላይ አለ?» አሉኝ።

የለም እማ ዘሊካ፣ ይኸ ሥዕል ነው አልኳቸው። እንዲያምኑኝ ብዬ ፕሮግራሙን አስነሳሁ። ያንኑ ዘር ሰጠሁት። ሁሉም ያንኑ ደገመ።

አንዲት ነጥብ ግን ነበረች።

ወንዙ ውስጥ አልነበረችም። የብስ ላይ ነበረች። ማሽላው ውስጥ።

ፕሮግራሜ የብስን አያውቅም። እዚያ ላይ ነጥብ የሚያንቀሳቅስ አንድም መስመር አልጻፍኩም።

እማ ዘሊካ ጣታቸውን አነሱ። ነጥቧን ሳይነኩ፣ በላይዋ ላይ አየሩን ዳበሱት።

«ውሃ ጠምቶታል» አሉ።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት መጡ። «ዛሬስ የት ደረሰ?»

አስፋልቱ ጋ ደርሳ ነበር።

ሌላ ቀን ደግሞ የከሚሴ መግቢያ። ሌላ ቀን ከብት ተራው። ዘሩ ያው፣ ነጥቦቹ ሁሉ ያው፣ እሷ ብቻ በየቀኑ ትቀርባለች። ሰብሪና ኮምፒውተሮቹን አጥፍታ፣ ያለውን ሁሉ ሰርዛ፣ አዲስ ልትጭንባቸው ተነሳች። እሷ ያየችው የመጨረሻ ነገር፣ ምንም ገና ባልተጫነበት ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ነጥብ ናት።

ቀሪውን እኔው ጫንኩት፤ እሷ ከዚያ ወዲያ ወደ ክፍሉ አልገባችም። አንድ ቀን ግቢው ውስጥ አቆመችኝ።

«እማ ዘሊካ ያን ቀን ያደረግከውን ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«ኢብራሂምስ?»

ፊቴን ወደ ክፍሉ አዞርኩ።

«በየቀኑ አጠገብህ አስቀምጠሃቸው እንዴት ነው የሚያስችልህ?» አለችና ሄደች።

እንዴት እንዳስቻለኝ ልንገራችሁ። እሳቸው ሲመጡ ደስ ይላቸዋል። ልጃቸው እየቀረበ ነው። የትናንቱን ቦታ እያስታወሱ፣ ዛሬ በየት በኩል እንደሚያልፍ ይገምታሉ። በእገሌ ሱቅ በኩል ነው የሚመጣው፣ ከልጅነቱም በዚያ ይወዳል ይሉኛል። ያሳስቁኛልም። አንድ ቀን፣ ትልቅ ሰው ሆነህ እንዲህ ያልብሃል ብለው በገዛ ሻሻቸው ጫፍ ግንባሬን ጠረጉልኝ።

ይህን ላለማጣት ነው እውነቱን አፍኜ የያዝኩት።

ባለፈው ሳምንት መጡ። ፀሐይ ነበር። መስኮቱ ክፍት ነበር።

«ዛሬስ የት ደረሰ?»

አስነሳሁት። ነጥቧ የግቢያችን አጥር ላይ ነበረች።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«እማ ዘሊካ» አልኩ። «ግራ ያልኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ አይደለም።»

ስክሪኑን እያዩ ነው።

«ለሁሉም አንድ ዘር ነው ያሰጠሁት። ሰው አፍሬ። ስህተት መሆኑን ኢብራሂም ሳይሄድ አውቄ ነበር። ከዚያ ልጅዎ ዛፉን ይዞ ሳለ... ሂድ እየተባልኩ ሁለቴ ደገምኩ።»

እርግማን ጠበቅሁ። ልቅሶ ጠበቅሁ። ኢብራሂምን ይጠሩታል ብዬ ጠበቅሁ።

እሳቸው በጣታቸው ወንዙ ላይ ወደ ፈሰሱት ነጥቦች ጠቆሙ። ስክሪኑን የሞሉት፣ ከመሻገሪያው እስከ ጨፌው ድረስ።

«እነዚህ ሁሉ?» አሉ።

«አዎ።»

«ከአንድ ዘር?»

«ያን ቀን... አዎ።»

ቀስ ብለው ተነሱ። ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«እንዲያ ከሆነማ» አሉ፣ «ሁሉም ልጆቼ ናቸው።»

ስክሪኑ ላይ ሁሉም ነጥብ ቆመ።

በስምንቱም ላይ ቆመ።

ከዚያ ዞሩ። እኩል። ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር በገዛ እጄ የተለያየ ዘር ሰጥቼ ነበር፤ ዞሩ ግን እኩል። ፍሰቱን ተቃውመው፣ ከወንዙ ወጥተው፣ በማሽላው፣ በአስፋልቱ፣ በከብት ተራው...

እማ ዘሊካ በሩን ከፈቱት።

ደጁ ባዶ ነበር። ደረጃው ላይ ፀሐይ ብቻ። ከአስፋልቱ የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል።

«ኮቱ» አሉ በኦሮምኛ። ና፣ ግባ ማለታቸው ነው። ልጃቸውን እንዲያ ነበር የሚጠሩት።

ገለል ብለው መንገድ ለቀቁ። ዓይናቸው ከደጁ ተነስቶ፣ በልጃቸው ቁመት ልክ፣ እስከ ክፍሉ መሃል ተከተለ። ፊታቸው በራ።

ከዚያ ተመልሰው ወደ ደጁ ዞሩ።

«ኮቱ።»

እንደገና ገለል አሉ። ዓይናቸው እንደገና ተከተለ።

«ኮቱ።»

እንደገና።

ደፉ ላይ ያረፈው ፀሐይ አንዴ ደብዘዝ፣ አንዴ ፈካ ይላል። የደንገል ሽታ መጣ። መቁጠር ጀምሬ ተውኩት።

ወንበሬን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ።

ትንሽ ቆይቼ፣ ደግሞ አስጠጋሁ።